ናይትሮጅን ከማሳችን እንዳያመልጥ፦ ስለ ዩሪያ ማዳበሪያ ለአርሶ አደሮችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የተከበራችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበር አመራሮች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን። የግንቦት እርሻ ፋታ እንደማይሰጥ አውቃለሁ። በሬው ተጠምዶ፣ ዘሩ ተመርጦ፣ ሰማዩ እየተጠበቀ ባለበት በዚህ ሰሞን ጊዜያችሁን ቆርሳችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ስለዚህም ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ዛሬ የምናገረው ብዙዎቻችሁ «ነጩ ማዳበሪያ» ስለምትሉት ስለ ዩሪያ ነው። በየቀበሌው ስዞር የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለአንድ ጥማድ ስንት ኪሎ ልጨምር?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ ጎን ሌላ ጥያቄ መቆም አለበት እላለሁ። ከጨመርነው ውስጥ ስንቱ ሰብሉ ዘንድ ደረሰ? ስንቱ በአየር ሄደ? ስንቱ ከሥር በታች ወረደ? ይህን ሳንጠይቅ ኪሎውን ብቻ ብንጨምር ገንዘባችን እንጂ ምርታችን ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ዩሪያ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ፣ ቀጥሎ ከማሳ እንዴት እንደሚያመልጥ፣ በመጨረሻም እንዴት እንደምናስቀረው እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ፣ ምንነቱ ነው። ዩሪያ ከካርቦን፣ ከኦክስጅን፣ ከሃይድሮጅንና ከናይትሮጅን የተሠራ ውሑድ ነው። እኛ የምንፈልገው ናይትሮጅኑን ሲሆን፣ እርሱም ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ 46 እጅ ነው። ጆንያው ላይ 46 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ይህን ይናገራል። እንግዲህ አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል ማለት ነው። ከሌሎቹ ማዳበሪያዎች ዳፕ ከመቶ 18 እጅ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤንፒኤስ ከመቶ 19 እጅ ናይትሮጅን አላቸው፤ የእነርሱ ዋና ሥራ ግን ፎስፈረስ ማቅረብ ነው። በጠጣር መልክ በብዛት ከሚሸጡት የናይትሮጅን ማዳበሪያዎች መካከል እንደ ዩሪያ ናይትሮጅን የታመቀበት የለም። ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና ተጭኖ እዚህ ድረስ ለሚመጣ ዕቃ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለማይጠቅም ክብደት የሚከፈለው የመጓጓዣ ዋጋ ያንሳልና። ፍጋችን ከመቶ አንድ እጅ ናይትሮጅን ቢኖረው፣ በዚያች በአንዲት ጆንያ ዩሪያ ውስጥ ያለውን ያህል ናይትሮጅን ለማግኘት 23 ኩንታል ፍግ ወደ ማሳ ማጋዝ ይኖርብናል። ይህን የምለው ፍግን ለማሳነስ አይደለም፤ ፍግ ዩሪያ የማይሰጠውን ብዙ ነገር ይሰጣል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ናይትሮጅን ለሰብል ምን ያደርጋል? ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። የሚያስገርመው ነገር፣ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ በቆሎው በናይትሮጅን ባሕር ውስጥ ቆሞ ናይትሮጅን ይራባል። ለምን? በአየር ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ እጅግ ጠብቆ ስለተሳሰረ ተክል ሊፈታው አይችልም። የሚፈቱት ጥቂት ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው። ባቄላችን፣ አተራችን፣ ጓያችን ሥራቸው ላይ የሚታየው ጓጓላ የእነዚህ ተሕዋስያን ማደሪያ ነው። አባቶቻችን ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ጤፍ የሚዘሩት የተሕዋስያኑን ስም ሳያውቁ ውጤቱን ስለሚያውቁ ነው፤ ይህን ዕውቀት ማዳበሪያ መጣ ብለን እንዳንጥለው አደራ እላለሁ።

የሰው ልጅ ያንን ናይትሮጅን በራሱ እጅ መፍታት የቻለው ከመቶ ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ዩሪያ ራሱ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ፈረንሳዊው ሩኤል እ.ኤ.አ. በ1773 ከሽንት ውስጥ ለየው፤ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1828 ሕይወት ከሌላቸው ኬሚካሎች በቤተ ሙከራ ሠራው። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው በሕያው ፍጥረት አካል ውስጥ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ነገሩ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ መሥራትን አሳየ፤ ካርል ቦሽ የተባለው መሐንዲስ ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው። ዛሬም ዩሪያ የሚሠራው አሞኒያን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በማዋሐድ ነው። ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ የጋዝ ዋጋ ሲንር የዩሪያ ዋጋ አብሮ የሚንረውም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬን ውስጥ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ዋጋው እንዴት እንደ ተሰቀለ ሁላችሁም በኪሳችሁ አይታችሁታል። አገራችን የጋዝ ሀብት እያላት ዩሪያን በዶላር ስትገዛ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የመንግሥት ኩባንያ የሆነው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ፣ በሶማሌ ክልል ካሉት ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ ቦታዎች በሚወጣ ጋዝ የሚሠራ፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የማምረት አቅም የሚኖረው ፋብሪካ በዚያው ክልል በጎዴ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ተጠናቅቆ እስክናየው ድረስ ግን እያንዳንዷ ጆንያ በውጭ ምንዛሪ የተገዛች መሆኗን አንርሳ።

ስለ ጠባዩ ሁለት ነገር ልጨምርና ወደ ሁለተኛው ነጥብ እሄዳለሁ። ዩሪያ በውኃ በጣም ይሟሟል፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ሊሟሟ ይችላል። ሲሟሟም ሙቀት ይስባል። አሁን ይህችን ብርጭቆ ከፊት ላሉት አባቶች አሳልፋለሁ፤ አንድ እፍኝ ዩሪያ ጨምሬባታለሁ፤ እባካችሁ በእጃችሁ ያዟት። ቀዘቀዘች አይደል? ውኃው ከዚሁ አዳራሽ የተቀዳ ነው፤ ያቀዘቀዘው ዩሪያው ነው። ይህ አንዱ መለያ ነው። ገበያ ላይ ከአሸዋ ወይም ከሌላ ነጭ ነገር ጋር የተቀላቀለ እንዳይሸጥላችሁ ስትጠረጥሩ በብርጭቆ አሟሙት፤ ንጹሕ ዩሪያ ዝቃጭ አያስቀምጥም። ጨው ተቀላቅሎበት እንደሆነ ደግሞ ከደጅ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ በጋለ የቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ጥቂት ፍሬ ጣሉ፤ ዩሪያ ይቀልጣል፣ የአሞኒያ ሽታም ይሰጣል፤ ጨው ግን አይቀልጥም፣ ይፈነጣጠቃል። እናቶቼ፣ ለዚህ የእንጀራ ምጣድ እንዳታውሱ! ሁለተኛው ነገር፣ ዩሪያ ከአየር እርጥበት ይስባል። ጆንያው በክረምት በመሬት ላይ ከተቀመጠ ይረጥባል፣ ይጠጥራል፤ ስለዚህ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ፣ አፉን አስራችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ መጣሁ። ይህ የንግግሬ እምብርት ስለሆነ በትዕግሥት እንድትከታተሉኝ እለምናለሁ።

ሰብል ዩሪያን እንደ ዩሪያ ብዙም አይመገበውም። በመጀመሪያ መለወጥ አለበት። በአፈርና በሰብል ቅሪት ውስጥ ዩሬዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ለውጥን የሚያፋጥን ነገር፣ አለ፤ እርጥበት ባገኘ ጊዜ ዩሪያን ሰብሮ ወደ አሞኒያነት ይለውጠዋል። በሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ይህ ለውጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠናቀቃል። አሞኒያው ከአፈር ጋር ከተገናኘ አሞኒየም ሆኖ ሸክላው ላይ ይያዛል፤ ከአፈር በላይ ከሆነ ግን ጋዝ ሆኖ ይበራል። ጠዋት በረት ስትከፍቱ አፍንጫችሁን የሚቆነጥጠው፣ ዓይናችሁን የሚያስለቅሰው ሽታ ምንድን ነው? እርሱ አሞኒያ ነው። የከብት ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በዚያው ኢንዛይም ተሰብሮ ሲወጣ ነው የምታሸቱት። በማሳ ላይ የሚሆነው ነገርም አንድና ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አገሬ በተመለስሁበት ክረምት አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። አጎቴ በአካባቢው የተመሰገነ ገበሬ ነበር፤ በእርሻው ማንም አይቀድመውም። በቆሎው ጉልበት ደርሶ ነበር፤ ሌሊት ካፊያ ጥሎ መሬቱን ከላይ ከላዩ አርሶታል፤ ቀን ፀሐይ ወጣ። አጎቴ ረፋዱ ላይ ዩሪያውን በቆሎው መካከል በተነና «ዝናብ ያስገባዋል» ብሎ ገባ። ዝናቡ ቀረ፤ ፀሐዩ በረታ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አብረን ወደ ማሳው ስንወርድ ጎንበስ ብሎ አፈሩን አሸተተና «ይህ ሽታ የበረት ነው፤ እዚህ ማን ከብት አሳደረ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንም ከብት አላሳደረም። ያ ሽታ ከከፈለው ገንዘብ የተቆረሰ ነበር። ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም የተናገረውን አልረሳውም፤ «ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?» አለኝ። እኔም ዛሬ እዚህ የቆምሁት ያ ጥያቄ ትክክለኛ ስለሆነ ነው። ዩሪያን ለገበሬው ሰጠነው፤ ጠባዩን ግን አብረን አልሰጠነውም።

ላዩ ላይ ተበትኖ ያልተሸፈነ ዩሪያ እንደ አየሩ ጠባይና እንደ አፈሩ ዓይነት ከመቶ 30 እጅና ከዚያም በላይ ናይትሮጅኑን በአየር ሊያጣ ይችላል። በጣም የሚያሰጋው የትኛው ጊዜ ነው? አፈሩ ላዩ ብቻ ረጥቦ ፀሐይና ነፋስ ሲበረታ ነው። ገለባ የበዛበት ማሳም ያሰጋል፤ ዩሬዝ በገለባው ላይ ይበዛልና።

ሁለተኛው ማምለጫ ወደ ታች ነው። አሞኒየም ሸክላው ላይ ቢያዝም በዚያው አይቀርም፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬትን ሰብል ይወደዋል፤ ነገር ግን አፈር አይዘውም፤ ውኃ በሄደበት አብሮ ይሄዳል። በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ዶፍ ሥሩ ገና አጭር የሆነውን ቡቃያ አልፎ ናይትሬቱን ከሥር በታች ያወርደዋል። ሙሉውን ዩሪያ በዘር ጊዜ መጨመር ለምን አይበጅም ለሚለው መልሱ እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ማምለጫ የመረሬ መሬት ላላችሁ ነው። ጥቁር አፈር ውኃ ሲተኛበት አየር ያጣል፤ አየር ያጡ ባክቴሪያዎችም ከናይትሬቱ ውስጥ ኦክስጅኑን ይወስዱና ናይትሮጅኑን መልሰው ጋዝ አድርገው ወደ ሰማይ ይለቁታል። ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ ቡቃያው ሲቢጫ «ዩሪያ አነሰው» ብሎ መጨመር በዚያው መንገድ ሌላ ዩሪያ መላክ ነው። በመጀመሪያ ውኃውን አጠንፍፉ። ሰፊ መደብና ቦይ አውጡ። ከዚያ በኋላ ዩሪያ ይመጣል።

እንግዲህ ሦስተኛው ነጥብ፣ እንዴት እናስቀረው? ብዙው መልስ ከላይ ካልሁት ውስጥ ስላለ እዚህ ላይ ፈጠን እላለሁ።

ሸፍኑት። ደግሜ እላለሁ፤ ሸፍኑት። በበቆሎ ላይ ከአገዳው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ትንሽ ትልም አውጥታችሁ ጨምሩና አፈር መልሱበት፤ ከሽልሻሎ ወይም ከኩትኳቶ ጋር ብታገጣጥሙት አንድ ሥራ ሁለት ጉዳይ ይፈጽማል። በጤፍና በስንዴ ላይ አፈር መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ ዝናብን ጠብቁ። ከተበተነ በኋላ ብዙ ሳይቆይ መሬቱን ዘልቆ የሚያርስ ዝናብ ከመጣ ዩሪያው ገና ሳይሰበር ወደ ውስጥ ይገባል። ካፊያ ግን አይበቃም፤ እንዲያውም ካፊያ አሟሙቶ ላዩ ላይ ስለሚተወው ይብሳል። ጠል ባዘለ ቅጠል ላይም አትበትኑ፤ ፍሬው ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ያቃጥለዋል። ከዘር ጋርም አታገናኙት፤ የሚወጣው አሞኒያ ሊበቅል ያለውን ዘር ይገድለዋል።

ከፋፍሉት። ለስንዴ ሢሶውን በዘር ጊዜ፣ ሁለት እጁን ደግሞ ቡቃያው ሲያቆጠቁጥና ከመጀመሪያው አረም በኋላ መስጠት የተለመደ ምክር ነው። ከአረም በፊት የሚጨምር ሰው ሙጃውን ይቀልባል። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ሁሉ ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ይባል ነበር፤ ይህም በናይትሮጅን 64 ኪሎ ማለት ነው። ለቀይ አፈርም፣ ለመረሬም፣ ለደጋም፣ ለቆላም አንድ ልክ ነበር። የአፈር ካርታ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከተጀመረ ወዲህ ምክሩ እንደየአካባቢው መለያየት ጀምሯል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ እባካችሁ ለቀበሌያችሁ የወጣውን ምክር እንጂ የድሮውን አትድገሙ። ጤፍን በተለይ ጠንቀቅ በሉ። ናይትሮጅን የበዛበት ጤፍ ቁመቱ ያምራል፤ ነገር ግን አገዳው ስለሚላላ በመስከረም ነፋስ ይጋሽባል፤ የጋሸበ ጤፍ ደግሞ ፍሬው አይሞላም፣ አጨዳውም ያሠቃያል።

ቅጠሉን አንብቡ። ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ቢጫነት የሚጀምረው ከታች ነው። በበቆሎ ላይ ከቅጠሉ ጫፍ ተነሥቶ በመካከለኛው አጥንት ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ ያለው አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የታችኛው አረንጓዴ ከሆነ ግን ችግሩ የናይትሮጅን ላይሆን ይችላል፤ ለምሳሌ የሰልፈር እጥረት እንዲህ ይታያል። ያን ጊዜ ዩሪያ መጨመር ያልታመመውን ማከም ነው።

ስለ አሲድነትም ሳልናገር አላልፍም። ዩሪያ በመጀመሪያ በፍሬው ዙሪያ አሲድነትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይወጣል፤ መጨረሻው አፈሩን አሲዳማ ማድረግ ነው። በሒሳብ ሲሰላ 100 ኪሎ ዩሪያ የሚያወጣውን አሲድ ለማስታገሥ ወደ 80 ኪሎ የሚጠጋ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። የደጋ መሬታችን ቀድሞውንም በዝናብ ታጥቦ አሲድ ሆኗል፤ ከታረሰው የአገራችን መሬት ከመቶ 40 እጅ በላይ ይህ ችግር እንዳለበት ይነገራል። በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ስንት ገበሬ እህል የነበረበትን መሬት ከግራር ወገን በሆነው በዲከረንስ ዛፍ እንደሸፈነ አይታችኋል። ዛፉ የራሱ ጥቅምና ገቢ አለው፤ ሆኖም መሬቱ እህል አልሰጥ ማለቱም አንዱ ምክንያት መሆኑን አንርሳ። አሲድ በሆነ አፈር ላይ ዩሪያን ብቻ እየደጋገሙ መጨመር ችግሩን ያባብሳል። ኖራ ያስፈልጋል፤ ፍግና ኮምፖስት ያስፈልጋል። ኮምፖስት አፈሩ ናይትሮጅኑን አቅፎ እንዲይዝ፣ ውኃም ቶሎ እንዳያመልጠው ይረዳል፤ ቅድም እመለስበታለሁ ያልሁት ይህን ነው። ኩበቱን ሁሉ ማንደድ ካልቀረ የገዛነው ዩሪያ ማደሪያ አያገኝም። ኖራንና ዩሪያን ግን በአንድ ጊዜ አትበትኑ፤ ኖራ የአሞኒያውን መብረር ያፋጥናል። ኖራው ከዘር በፊት ቀደም ብሎ ታርሶ ከአፈር ጋር ይዋሐድ። ዐመድንም ከዩሪያ ጋር አትደባልቁ፤ ምክንያቱ አንድ ነው።

ከማሳ ወጥቼ ስለ ከብት አንድ ነገር ልበል፤ ዩሪያ ለሰብል ብቻ አይደለምና። የጤፍና የስንዴ ገለባ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። የሚያመሰኩ እንስሳት በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ከዩሪያ ናይትሮጅን ፕሮቲን መሥራት ይችላሉ። ስለዚህ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ አሟሙቶ በ100 ኪሎ ገለባ ላይ እኩል እየረጩ መረምረም፣ ከዚያም በፕላስቲክ አየር እንዳይገባው አፍኖ ለ21 ቀን ማቆየት ገለባውን ያለሰልሰዋል፣ ምግብነቱንም ይጨምራል። ከተከፈተ በኋላ ሽታው እስኪወጣለት መናፈስ አለበት፤ ከብቱም ቀስ በቀስ ይለማመደዋል። ለጥጃ፣ ለአህያ፣ ለፈረስና ለበቅሎ አይሰጥም።

እናቴ በጋ ላይ ለላሟ በዚህ መንገድ ገለባ ስታዘጋጅ ጎረቤቶች «ማዳበሪያ ለከብት?» ብለው ይደነግጡ ነበር፤ ላሟ ግን ያን በጋ ከሲታ አልሆነችም። ጎረቤቶች የደነገጡት ግን በከንቱ አልነበረም። በዚያው መንደር ዩሪያ የተሟሟበት ባልዲ ሜዳ ላይ ተረስቶ አንድ በሬ ጠጥቶት በዚያው ዕለት ሞቷል። በጨጓራው ውስጥ ዩሪያው በአንድ ጊዜ ወደ አሞኒያ ይለወጥና ወደ ደም ይገባል፤ እንስሳው ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ሆዱ ይነፋል። በግብርና ዘመን አንድ በሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ስለዚህ የተሟሟ ዩሪያ ያለበት ዕቃ አይዘንጋ፤ የታጠበበት ውኃ ከብት በሚጠጣበት ቦይ አይፍሰስ፤ ባዶው ጆንያም ሳይታጠብ እህል አይቋጠርበት። ጨውና ስኳር ስለሚመስል ከልጆች እጅ ይራቅ። ከብት ጠጥቶ ከተገኘ የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይጠራ፤ ሐኪሙ እስኪደርስ ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ከኮምጣጤ ጋር በጥንቃቄ ማጠጣት ይረዳል፤ ኮምጣጤው አሞኒያውን ያስታግሠዋልና።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለእናንተ የተለየ አደራ አለኝ። በዚህ ክረምት በየማሠልጠኛ ማእከላችሁ ሁለት ትንንሽ መደብ በቆሎ ያዙ። መጠኑን እኩል አድርጉ፤ በአንደኛው ላይ ዩሪያውን በትናችሁ ተዉት፤ በሁለተኛው ላይ በትልም ጨምራችሁ አፈር መልሱበት። በነሐሴ ገበሬዎቹን ጠርታችሁ ራሳቸው እንዲያዩና እንዲፈርዱ አድርጉ፤ እኔም ስትጠሩኝ እመጣለሁ። አባቶቼና እናቶቼ፣ አሁን ቀሪው ሰዓት የእናንተ ነው። መረሬ ላይ የምታርሱ ከፊት ቅደሙ፤ ጥያቄያችሁን ከዚያ እንጀምር።